በእግሩ መጥቶ ይውሰድ

አያቴ በቀኝ እግሩ አውራ ጣት አየር ላይ የአንድ ሰው ስም ይጽፍ ነበር። በየጠዋቱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይልና ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ከቁርስ በፊት ሦስት ጊዜ፣ ከቁርስ በኋላ ሦስት ጊዜ ይጽፈዋል። እኔ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። ማንበብ ገና አዲስ ስለሆነብኝ የሱቅ ታፔላም፣ የሳሙና ካርቶንም፣ የመድኃኒት ብልቃጥም ሳይቀረኝ ጮክ ብዬ የማነብበት ዘመን ነው። ወለሉ ላይ ተንጋልዬ ጣቱን በዓይኔ እየተከተልኩ እያንዳንዱን ፊደል እጠራለሁ። ስሙ አራት ፊደል ነው። እዚህ ግን አልጽፈውም። አያቴ በእግሩ የጻፈውን ስም እኔ በእጄ ጽፌ አላከብረውም።

ያኔ የገባኝ ሌላ ነበር። እኔም የምወዳትን የክፍል ጓደኛዬን ስም በደብተሬ ጀርባ ላይ ደጋግሜ እጽፍ ስለነበር፣ ሰው በቀን ስድስት ጊዜ ስሙ የሚጻፍለት በጣም ሲወደድ ነው ብዬ ደመደምኩ። አያቴ ጓደኛው ናፍቆታል አልኩ። አንጀቴን በላኝ።

አሁን አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። የከተማ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ቀኑን ሙሉ እግሬ ፔዳል ላይ ነው የሚውለው። አብረውኝ የሚሠሩት ነገር አትረሳም ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ወረፋዬን የቀማኝን ሾፌር እስከ ዛሬ ሰላም አልለውም። ቂም በዘር ይወርዳል ቢሉኝ አልከራከርም፤ ከማን እንደወረስኩት አውቃለሁና።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴና ያ ሰውዬ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቤት ውስጥ አብረው ጫማ ሠርተዋል። በትእዛዝ ነበር የሚሠሩት፤ ደንበኛው እግሩን ወረቀት ላይ አሳርፎ ዙሪያው በእርሳስ ይነደፍለታል። ታፔላው ላይ የሁለቱም ስም አለ፣ የአያቴ ከላይ፣ የሰውዬው ከታች። አንድ ቀን ታፔላው ቀለሙ ስለለቀቀ አዲስ አሠሩ። አያቴ ሊሰቅለው መሰላል ላይ ወጣ፣ ሰውዬው ከታች ያዘለት። አያቴ ወደቀ። ቁርጭምጭሚቱ ሦስት ቦታ ተሰበረ። ጀሶ ታስሮለት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሰውዬው የበሩን ቁልፍ ቀየረ፣ ታፔላው ላይም የላይኛውን ስም በቀለም አጠፋው። ለደንበኞች ደግሞ «ወንድሜ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፣ ለእሱም ዕረፍት ነው» ይላቸው ነበር። ይህንን ሁሉ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ከእናቴ ነው። ያኔ የማውቀው አያቴ መውደቁን ብቻ ነበር።

እናቴ ሰውዬውን ለስላሳው ትለዋለች። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ሲስቅ እንኳ አይሰማም። እኔ ግን ባየኝ ቁጥር ለስላሳ ስለሚጋብዘኝ የወጣለት ስም ይመስለኝ ነበር።

አያቴ ጀሶው ተፈቶለት ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ እናቴ የሥራ ሳጥኑን ልታመጣለት ይዛኝ ሄደች። ሳጥኑ ውስጥ መዶሻው፣ ወስፌው፣ የቆዳ ቢላዎቹና ጫማ የሚወጠርባቸው የእንጨት ቅርጾቹ አሉ፤ ቅርጾቹን በገዛ እጁ ነው የጠረባቸው። ቤቱ ቆዳና ማስቲሽ ይሸታል። አራቱ ሠራተኞች አንገታቸውን ደፍተው ሶል ያጣብቃሉ። እናቴ ቆማ ሳጥኑን ልወስድ ነው የመጣሁት አለችው። ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው።

«ሳጥኑ ያውልሽ፣ ማን ነካው? በእግሩ መጥቶ ይውሰድ። እጠብቀዋለሁ በይልኝ» አለ።

ቀጥሎ ራሴን ዳበስ አድርጎ ለስላሳ አስመጣልኝ። እናቴ እጄን ጎትታ ስታስወጣኝ ጠርሙሱን ገና ከግማሹ አላጎደልኩትም ነበር። መንገድ ላይ እርር ድብን ብላ «አንቺ ደግሞ ትጠጪለታለሽ» አለችኝ። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም።

ቤት እንደገባን እናቴ ነገሩን ልታድበሰብሰው ፈለገች፤ ሳጥኑን ሌላ ቀን እናመጣዋለን አለች። እኔ ምን ቸገረኝ፣ መልእክት መድረስ አለበት ብዬ፣ ቃል በቃል፣ የሰውዬውን ድምፅ እያስመሰልኩ ለአያቴ ነገርኩት። በእግሩ መጥቶ ይውሰድ፣ እጠብቀዋለሁ። አያቴ ፊቱን ከግድግዳው መልሶ አየኝ።

«እየሳቀ ነው ያለው?»

«አዎ አባባ፣ እየሳቀ» አልኩ፣ ደስ እንዲለው።

አያቴ የፊዚዮቴራፒ ሐኪሟ የሰጠችውን ወረቀት አምጪልኝ አለኝ። ፍራሹ ስር ጥሎት ስለነበር ተጨማዷል። ወረቀቱ ላይ ባዶ እግሮች ተሥለዋል፣ ፎጣ የሚጨብጥ እግር፣ ጣቶቹን የዘረጋ እግር፣ በጣቶቹ የቆመ እግር። ከዚያ በፊት «የሕፃን ጨዋታ ነው» ብሎ ያናናቀው ወረቀት ነው። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጀመረ።

ቆጣሪዋ እኔ ሆንኩ። ወለሉ ላይ ፎጣ እዘረጋለታለሁ፤ ተረከዙን ሳያነሳ በእግሩ ጣቶች እየጨበጠ ወደ ራሱ ይሰበስበዋል። መጀመሪያ ሰሞን ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውት አንዱን እጥፋት ለመሰብሰብ ፊቱ በላብ ይታጠባል። እናቴ የምትሠራው ልብስ አጥበው የሚተኩሱበት ቤት ስለነበር፣ ባለቤት ያጡ የሸሚዝ ቁልፎች ታመጣልኛለች። እነሱን ወለሉ ላይ እበትናቸዋለሁ። አያቴ አንድ በአንድ በጣቶቹ እየቆነጠጠ ጣሳ ውስጥ ይጥላቸዋል። የገባው ሲንኳኳ እቆጥራለሁ፣ ያመለጠውን አልጋ ስር ገብቼ አወጣለሁ። ቀጥሎ የውሃ ጠርሙስ በውስጥ እግሩ ያንከባልላል። ከዚያ የወንበር መደገፊያ ይዞ ተረከዙን ከመሬት ያነሳል፣ አምስት ቆጥሬ ስጨርስ ቀስ ብሎ ይመልሰዋል። አንዳንዴ ሦስት ላይ ሽንት ቤት ሄጄ እመጣለሁ እያልኩ አሾፍበት ነበር። እሱም ሂጂ፣ ስትመለሽ እዚሁ ነኝ ይለኛል፣ ጥርሱን ነክሶ።

ፊደሉ መጨረሻ ላይ ነው። ሐኪሟ ያዘዘችው ከሀ እስከ ፐ በአውራ ጣቱ አየር ላይ እንዲጽፍ ነበር፣ ቁርጭምጭሚቱ በሁሉም አቅጣጫ እንዲዞር። አያቴ ግን ፊደሎቹን ሁሉ ትቶ አራቱን መረጠ።

በወሩ ሐኪሟ ጋ ስንሄድ እግሩን አገላብጣ አየችውና ተገረመች። በዚህ ከቀጠሉ በምርኩዝ ቤት ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ አባቴ፣ አለችው። አያቴ ስለ ቤት ውስጥ አልጠየቀም። ስድስት መቶ እርምጃ ያህል ሄዶ ሳይቀመጥ ሊቆም ይችል እንደሆነ ጠየቃት። ለምን ያህል ጊዜ አለችው። እንደ ሰውዬው ሁኔታ ነው አላት። ሐኪሟ አልገባትም፤ እኔ ግን የገባኝ መስሎኝ ፈገግ አልኩ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ በጫማ ቤቱ በኩል ነው የማልፈው። ሰውዬው በር ላይ ይጠብቀኛል። አያትሽ ይበላል? ይቆማል? እግሩ አበጠ ወይስ ቀነሰ? ይለኛል። እኔም አንድ ሳላስቀር እነግረዋለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ አያቴ ተራውን ይይዛል። ስንት ሰዓት ይከፍታል? የት ጋ ይቀመጣል? ደንበኛ የሚበዛው መቼ ነው? ሁለቱም ስለ ሌላው ሲጠይቁኝ ዓይናቸው ቦግ ይላል። እንዲህ የሚፈላለጉ ሰዎች በአንድ ሰፈር ተለያይተው መቅረታቸው ከነከነኝ። እነዚህ ትልልቅ ሰዎች አፍረው ነው እንጂ አንድ ሰው ቢያገናኛቸው ያልቃል ብዬ አሰብኩ። ያ አንድ ሰው እኔ መሆኔ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ተልኬ ስሄድ ጎራ አልኩ።

«ጋሼ፣ አባባ በጣም ናፍቆዎታል። በየቀኑ በእግሩ ስምዎን ይጽፋል» አልኩት።

እጁ ላይ የነበረውን ጫማ አስቀመጠ። በእግሩ? አለኝ። በአውራ ጣቱ አልኩ፣ እንዴት እንደሚጽፍም በእኔው እግር አሳየሁት። ፊቱ ልክ እንደ አመድ ሆነ። ደስታ አስደንግጦት ነው አልኩ። ዛሬ ሳስበው ግን ያ ሰው ከእኔ በቀር ሁሉም የሚያውቀውን ነገር በደንብ አውቆታል፤ አያቴ በእግሩ መጥቶ በሩ ላይ ሳይቆም በፊት ሊቀድመው ወሰነ። ሳጥኑን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አወጣውና ምሪኝ አለኝ። በአቋራጩ መሄድ እንችል ነበር፤ እሱ ግን ዋናውን መንገድ መረጠ። ላገኘው ሁሉ «የወንድሜን ዕቃ ላደርስለት ነው» ይላል። እኔ ዳቦዬን አቅፌ ፊት ፊት እየሄድኩ ኩራቴ ለጉድ ነበር።

በሩን በረገድኩት። አያቴ ባዶ እግሩን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ ፎጣው ከሥሩ ተጨማዶ፣ በጣቶቹ መካከል አንድ ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ ይዟል። ሰውዬው ዓይኑን በጨው አጥቦ ገባ። ከኋላው ጎረቤቶች ተከትለዋል፣ ነገር ሲሸታቸው የማይቀሩ ናቸው። እናቴ የምታሰጣውን ልብስ ትታ እጇ እንደራሰ መጣች።

«ወንድሜ፣ ምን አደከመህ? ይኸው ራሴ አመጣሁልህ» አለ ሰውዬው፣ ያንኑ ለስላሳ ድምፁን ይዞ፣ ሳጥኑን ከአያቴ ባዶ እግር አጠገብ አስቀመጠው።

የሸሚዙ ቁልፍ ከአያቴ ጣቶች አምልጦ ወደቀ። እኔ እስኪተቃቀፉ እየጠበቅኩ ነው። አያቴ ወደ ታች፣ ወደ እግሩና ወደ ፎጣው አየ። ሳይዘጋጅ ሊይዙት እንደመጡ የገባው ያን ጊዜ ነው። ሁለት ወር ላቡን ጠብ ያደረገበት ነገር በአንዲት ሕፃን ቸርነት ሊበላሽ ነበር። ይህንን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም መሪውን እንደያዝኩ ጆሮዬ ይግላል።

አያቴ ወንበሩን አልፈለገም። ምርኩዙንም አላነሳም። አልጋውን በእጁ ገፋ አድርጎ ቆመ፤ ባዶ እግሩን አራት እርምጃ ተራመደ፤ ሰውዬው ፊት ደርሶ ቆመ።

«ሳጥኑን መልሰህ ውሰድ» አለው። «ሰኞ በእግሬ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

ሰውዬው ሳቀ። ሌላ የሳቀ ሰው የለም። ከዚያ ሳጥኑን ተሸክሞ በመጣበት ዋና መንገድ፣ ቅድም ያወራላቸው ሰዎች እያዩት፣ መመለስ ግድ ሆነበት። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ከዓይኗ እስኪሰወር አየችው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ አለች። ወዲያው ዞራ ጆሮዬን ያዘችኝ፣ ማን አምጪ አለሽ ብላ። አያቴ ግን ተያት፣ እሷ ባታመጣው ኖሮ እግሬ መድረሱን አላውቅም ነበር አለ። እኔ እያለቀስኩም ቢሆን ተሳክቶልኛል ብዬ ተጽናናሁ፤ ሰኞ ይገናኛሉ ማለት ነዋ።

ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት ለሁለት ሳምንት ዝግ ነበር። አያቴ ጺሙን ተላጨ፣ ራሱ የሠራውን ቡናማ ጫማ አደረገ፣ ምርኩዙን በግራ እጁ፣ እኔን በቀኙ ያዘ። እርምጃውን ቆጠርኩ፣ ስድስት መቶ አርባ ሆነ። ስንደርስ ጫማ ቤቱ ዝግ ነው። ሰውዬው ጥግ ላይ ካለው መድኃኒት ቤት ብቅ አለ፣ እኛን ሲያይ ተመለሰ። ሠራተኞቹ ማዶ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አያቴ በሩ ፊት ቆመ። እስከ ምሳ ሰዓት ቆመ፤ ወደ ቤት ሄደን በላን፤ ተመልሶ ቆመ። ጓደኛው አረፈደ ብዬ አዘንኩለት።

ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። ረቡዕ ሰውዬው ፈጥኖ መጥቶ ከፍቶ ገብቷል፤ አያቴ ግን ወደ ውስጥ አልገባም። መግቢያውን ሳይጋርድ፣ ከደጃፉ ወረድ ብሎ፣ የሚገባውም የሚወጣውም በሚያየው ቦታ ቆመ። ምርኩዙን አይደገፈውም፣ ይይዘዋል እንጂ። ሲደክመው ተረከዙን ያነሳል፣ አምስት እቆጥርለታለሁ፣ ይመልሳል። ጫማው ውስጥ ጣቶቹ ሲጨብጡና ሲለቁ ቆዳው ላይ ይታየኛል። ደንበኛ ሲመጣ ምን እየሠሩ ነው አባቴ ብሎ ይጠይቃል። አያቴም ሳይሳደብ፣ ሳይጮህ፣ ሳጥኔን ልወስድ መጥቼ ነው ይላል። ሰውም የምን ሳጥን ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማዶ ያሉት ባለሱቆች ይጨርሱለታል። ደንበኛው ወደ ውስጥ ይመለከታል፣ ወደ ታፔላው ይመለከታል፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ ብሎ ይሄዳል።

አያቴ ለሰውዬው የእግር እሳት ሆነበት። በስድስተኛው ቀን ሶል የምታጣብቀው ልጅ ወንበር ይዛ ወጣች። ጋሼ ይቀመጡ ብለውዎታል፣ ሳጥኑንም ላምጣልዎት ወይ ብለዋል አለች፣ ቀና ብላ ሳታየው። አያቴ አመሰገናት። ራሱ ይዞልኝ ይውጣ አላት። ወንበሩን ዞር ብሎም አላየውም። እኔ ግን እግሬ ደክሞኝ ስለነበር ተቀመጥኩበት። አያቴ አየኝና ተነሺ ልጄ አለኝ፣ እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግሮኝ አያውቅም። ተነሳሁ።

በዘጠነኛው ቀን ሰውዬው ሳጥኑን አቅፎ ወጣ። ጺሙ አድጓል፣ ሸሚዙ ተጨማዷል። ሠራተኞቹ ከበስተኋላው በሩ ላይ ቆመዋል፣ ማዶ ያሉት ባለሱቆችም ሥራቸውን ትተዋል።

«እንካ» አለ። ለስላሳው ድምፅ የለም።

አያቴ እጁን አልዘረጋም። «አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለው። «መሰላሉ አዳልጦህ ነው፣ ወይስ ለቅቀኸው ነው?»

እኔ ስለ መሰላል ምን አነሳሳው ብዬ ገረመኝ። ስንት የሚያወሩት ነገር እያለ። ሰውዬው አያቴን አየ፣ ታፔላውን አየ፣ ሠራተኞቹን አየ። አዳልጦኝ ነው ቢል ኖሮ ማንም ሊያስተባብለው አይችልም ነበር፤ ይህንን እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ነገር ግን ዘጠኝ ቀን በሰው ዓይን ተጠብሷል። አለዚያም ሃያ ሁለት ዓመት የላይኛውን ስም ሲያይ የኖረ ሰው አንድ ቀን እንኳ ሳይናገረው ሊሞት አልፈለገም። የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

«ለቅቄው ነው» አለ።

ከሠራተኞቹ ሁሉ ሽማግሌው ሽርጡን ፈታ፣ አጣጠፈው፣ ደረጃው ላይ አስቀመጠና ሄደ። ሶል የምታጣብቀው ልጅ ተከተለችው። አያቴ ራሱን አንዴ ነቀነቀ፣ ደረሰኝ እንደማለት፣ ከዚያ ዞረ። አባባ ሳጥኑ አልኩት። ተይው አለኝ። ስድስት መቶ አርባውን እርምጃ ስንመለስ አልቆጠርንም፤ ፊቱ ላይ እንዲያ ያለ ሰላም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁበትም።

ያ ቤት ዓመት አልሞላውም፣ ተዘጋ። ሰውዬው የት እንደደረሰ እናቴ ታውቅ ነበር፤ እኔ ግን ተመችቶት ይኖራል እንዳትለኝ ፈርቼ አልጠየቅኳትም። አያቴ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረ። እግሩ ከዚያ ሁሉ መቆም በኋላ አብጦ ነበር፤ ሐኪሟ ተቆጣች፣ ግን ምንም አልሆነም፣ ከሁለት ሳምንት ዕረፍት በኋላ ከቀጠሉ ከተማውን ይዞራሉ ብላ አስረግጣ ነገረችው። ሁለቱ ሳምንት እስኪያልቅ ቀኑን ቆጠርኩ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት ፎጣውን ዘረጋሁ። ቁልፎቹን በተንኩ። ጣሳውን አጠገቡ አስቀመጥኩ። አያቴ ካልሲውን እንዳደረገ አልጋው ላይ ተቀምጦ መስኮቱን ያያል። አባባ እንጀምር አልኩት። ፎጣውን ከየት መጣ በሚል ዓይን ተመለከተው።

«ደግሞ ማን ጋ ልሄድበት ነው?» አለኝ።

እኔ ከፊቱ፣ ሁለት እርምጃ ርቄ፣ ቆሜ ነበር።